የእሑድ መስመር

እሑድ፣ ጁላይ 5፣ 2015

ለታሪክ ይመዝገብ፤ ዛሬ የማዕባዳችን (የቤተ ሙከራችን) አየር ማቀዝቀዣ፣ ሚዝጋኑ፣ አረፈ። የምንሠራበት ድስት ውስጡ ከዜሮ በታች ሁለት መቶ ስድሳ ዲግሪ ይቀዘቅዛል፤ እኛ ሦስት አገልጋዮቹ ግን ከውጭ ሆነን እንደ ጧፍ እንቀልጣለን። የኅዋን ብርድ በገዛ እጃችን ሠራን፤ የከተማችንን የኔታንያን ሙቀት የሚያባርር ሚዝጋን ጠጋኝ ግን «ከበዓላት በኋላ» አለን። በዓላቱ ገና ሁለት ወር ይቀራቸዋል።

ድስት የምለው እኔ ብቻ ነኝ። ፕሮፌሰር ሽሎሞ «ክፍሉ» ይለዋል። ግን ክዳን አለው፣ እጀታ አለው፣ ሆዱ ክብ ነው፤ ድስት ነው። አየሩን መጥጠን እናወጣለን። መካከሉ ላይ በተንጠለጠለች ጥፍር በምታህል መስታወት ላይ የውሃ ተን እንነፋለን፤ በከዋክብት መካከል በሚንሳፈፈው አቧራ ላይ እንደሚጋገረው ያለ ስስ በረዶ ይሆናል። በረዶውን የኮከብ ብርሃን በሚመስል መብራት እንቀጠቅጠዋለን። ከዚያ ታሕተ ቀይ፣ ዓይን የማያየው፣ ብርሃን እናሳልፍበትና ምን ያህሉን እንደዋጠው እናያለን። እያንዳንዱ ነገር የሚውጠው የራሱ ብርሃን አለው፤ ኮምፒውተሩ ላይ ቁልቁል የወረደ መስመር ሆኖ ይታያል። የኅዋው ቴሌስኮፕ እንዲህ ያለውን መስመር ከሩቅ ያያል፤ የማን እንደሆነ ግን አያውቅም። በአጭሩ እኛ የሰማይ ፖሊስ የአሻራ ክፍል ነን፤ ጽሕፈት ቤታችንም ከኢር ያሚም ሰፈር ማዶ፣ ኢንዱስትሪው ሰፈር፣ ከሶፋ መጋዘን ሥር ያለ ምድር ቤት ነው።

የሥራ ሳምንታችን በሚጀምርበት በእሑድና በረቡዕ ክዳኑ ተከፍቶ መስታወቷ ትቀየራለች። እጄ ትንሽ ስለሆነች ሥራው የእኔ ነው። ዛሬ ቆብና ጓንት አድርጌ ድስቱ ላይ ተደፍቼ ላቤ ወደ ጓንቴ እየወረደ ሳለ ናኦር ብቅ አለ። ናኦር ሌላው የዶክቶራት ተማሪ ነው፤ ሆዱ ከአእምሮው ቀድሞ ይደርሳል።

«ማን ነው ቦሬካስ ያመጣው?»

«ማንም።»

«ቱኔ፣ አትደብቂኝ። ከምድጃ የወጣ፣ ቅቤ የጠገበ ትኩስ ቦሬካስ ሸቶኛል።»

(ትሁኔ ማለት አልሆነላቸውም፤ ቱኔ ሆኜ ቀርቻለሁ።) ጠረጴዛ ሥር ሳይቀር ከእሱ እኩል ተግቼ ፈለግሁ። አልተገኘም።

ዓርብ፣ ጁላይ 10

ዓርብ ከሰዓት ጭንቅላቴ የእማየ፣ የባንች ነው። ሰንበት ሳይገባ ወለሉ ላይ፣ በጉልበቶቿ መካከል እቀመጣለሁ፤ እሷ ሶፋው ላይ ሆና ፀጉሬን በጣቷ እየፈለቀቀች ለጋ ቅቤ ትቀባኛለች። ቅቤውን ራሷ ከክሬም ትንጠዋለች፤ በረንዳው ላይ በጣሳ የተከለችውን አርቲ ታሽበታለች። «ሰንበትን አድሮ፣ እሑድን ውሎ ነው የሚሠራ» ትላለች። እሑድ ማታ እታጠባለሁ።

ሦስተኛ ክፍል ሳለሁ የክፍሉ ልጆች አፍንጫቸውን ያዙብኝ፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ ቅቤ ከራሴ ወርዶ ወደ ወጥ ተዛወረ። ዘንድሮ በየካቲት እማየ ከሆስፒታል ስትወጣ ቀኝ እጇ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሐኪሙ እንድትጨብጣት የጎማ ኳስ ሰጣት። «እኔ ባንች በስተርጅና ኳስ ተጫዋች ልሁን?» ብላ ኳሷን ለጎረቤት ልጅ መረቀችለት። በሳምንቱ «ራስሽን ያምሻል አይደል? ነይ» አለችኝ። ቅቤ ስትቀባ እጇ ይረጋል። እሷ ለራሴ ብላ ትቀባኛለች፤ እኔ ለእጇ ብዬ እቀባለሁ። ሁለታችንም ውለታ የዋልን ይመስለናል። ተመስገን ነው።

ዛሬ ስለ ሥራዬ ጠየቀችኝ።

«ከድስቱ አየሩን አወጣችሁ። ከዚያስ ምን ከተታችሁበት?»

«ምንም።»

«ምንም?»

«ትንሽ ውሃ።»

«አይ ልጀ! ለዚህ ነው ይህን ሁሉ ዓመት የተማርሽ? ባዶ ድስትማ እኔም ቤት ሞልቷል።»

እሑድ፣ ጁላይ 12

በጥድፊያ። መስመር! አንድም አይደል፣ ሁለት! ሽሎሞ ናኦርን ሁለቱን ጉንጩን ሳመው። ናኦር ዛሬም ቦሬካስ ይላል።

አመሻሽ ላይ፦ ረጋ ብዬ ልጻፈው። የመጀመሪያውን መስመር ቅባትነት ያለው ነገር ሁሉ ያወጣዋል፤ የአየር መጣጩ ፓምፕ ዘይት ሳይቀር። ሁለተኛውን ግን የፓምፕ ዘይት አያውቀውም። ስለዚህ ሽሎሞ እንዲህ አለ፦ «ቆሻሻ አይደለም። መብራቱ በረዶውን ቀጥቅጦ አዲስ ነገር ወልዷል። ሕይወት የተቦካችበት እርሾ ሊሆን ይችላል!» ይህን ሲል መነጽሩ ጤዛ ያዘ። የበረዶዎቹን መስመሮች ሰንጠረዥ ለቴሌስኮፑ ሰዎች የምንልከው በአዲሱ ዓመታችን በብርሃን ሠረቀ ዋዜማ ነው፤ ፈረንጁም ዕብራዊውም ሮሽ ሀሻና በሚለው። ሁለቱ መስመሮች የሰንጠረዡ አክሊል ይሆናሉ። የእኔ ዶክቶራትም እነሱ ላይ ይቆማል።

ሽሎሞ በዚህ ዓመት ጡረታ ይወጣል። ሌሎቹ «ዕድሜሽ ገፍቷል» ብለው ሲመልሱኝ እሱ ጥያቄ ሳይጠይቅ የማዕባዳውን ቁልፍ ያስጨበጠኝ ሰው ነው። ደስታውን ሳይ እኔም ጤዛ ያዘኝ።

ረቡዕ፣ ጁላይ 15

አዲስ መስታወት፣ አዲስ በረዶ፣ ያው መብራት። መስመር የለም። ንጹሕ በረዶ፣ ያለ አንዳች እንግዳ።

ሽሎሞ አሰበ፣ አሰበና «መብራቱ ሰንበትን ስለሚያርፍ እሑድ ብርቱ ነው፤ ረቡዕ ይደክመዋል» አለ። ሰንበት አክባሪ መብራት! የቤተ እስራኤል ቄሶቻችን ቢሰሙ ይባርኩታል። እኔም አንገቴን ነቀነቅሁ። የፕሮፌሰር ሐሳብ ነውና።

ማክሰኞ፣ ጁላይ 21

ማዕከላዊ አውቶቡስ ጣቢያ እትየ ፈንታነሽን አገኘሁ፤ ከእኛ በላይ ያለው ፎቅ ላይ ነው የሚኖሩት። ሰው በተሰበሰበበት ክንዴን ያዙ።

«አንቺ ልጅ፣ እናትሽ ነገረችኝ። ኮከብ ላይ ነው አሉ የምትሠሪ። እንግዲህ የልጀን የኢዳንን ኮከብ እይልኝ፤ ከዚያች ከልጅቱ ጋር ይገጥማል?»

«እትየ፣ የእኔ ኮከብ ሌላ ነው። እኔ ኮከብ ቆጣሪ አይደለሁም።»

«እሱንማ ሁሉም ኮከብ ቆጣሪ ይላል። ቄሶቹን ፈርተሽ ነው?»

የሞባይል ሽፋን የሚሸጠው ቃኘው ከመደብሩ አንገቱን አስግጎ «ለእኔም ከቆጠርሽልኝ ሽፋን በነጻ!» አለ። አውቶቡሴ መጣ። እትየ እጄን ስላልለቀቁ «ይገጥማል፣ ይገጥማል!» ብዬ አመለጥኩ። ሳይንስ እንዲህ ነው የሚወድቀው፤ በአውቶቡስ ሰዓት።

ቤት ስደርስ እማየን ወቀስኳት። «እኔ ምን አልኩ?» አለች። «ልጀ ከዋክብትን አትቆጥርም፣ ታቀዘቅዛቸዋለች እንጂ ነው ያልኩ።»

እሑድ፣ ኦገስት 2

መስመሮቹ ዛሬም ወጡ። በየእሑዱ እንደ ደመወዝተኛ ሰዓታቸውን ጠብቀው ይገባሉ።

ጠዋት አውቶቡስ ውስጥ ራሴን መስኮቱ ላይ ደግፌ አንቀላፋሁ። ስነቃ መስታወቱ ላይ ክብ የወዝ ምልክት ትቼአለሁ፤ በእሱ በኩል ሲያዩዋቸው የኢር ያሚም ፎቆች ሁሉ ጉም የለበሱ ይመስላሉ። አጠገቤ የተቀመጠችው ወታደር ምልክቱን አየች፣ እኔን አየች፣ ወደ ስልኳ ተመለሰች። በእጅጌዬ ልጠርገው ሞከርኩ፤ ባሰ።

ስለ ምን ይህን እንደጻፍኩ አላውቅም።

እሑድ፣ ኦገስት 9

መብራቱን ማብራት ረሳሁ።

መስመሮቹ ወጡ።

መብራቱ ጠፍቶ ሳለ።

ለሽሎሞ አልነገርኩትም። ስልክ ላይ ነበር። በኋላም ምሳ ላይ ነበር። ከዚያ እኔ ሄድኩ።

ዓርብ፣ ኦገስት 14

ሳምንቱን ሙሉ የሽሎሞን ፊት በቀጥታ ሳላይ ዋልኩ። የመብራቱ ነገር ትንሽ ስሕተት ይሆናል፤ ምናልባት ካለፈው ሙከራ የቀረ ነገር ነው። ድስቱ ምናልባት ትዝታ አለው። ብዙ «ምናልባት» ያለበት ሰው ሳይንቲስት ይባላል፤ ስለዚህ ሳይንቲስት ነኝ።

እማየ ዛሬ በጣም ረጋ ብላ ቀባችኝ። እጇ አንዴም አልተንቀጠቀጠ። «ጣቶቼ ተመለሱልኝ» አለች። «ዛሬ መርፌ ላይ ክር አስገባሁ፤ በመጀመሪያው!» ክሩን አውጥታ እንደገና አስገብታ አሳየችኝ። እንደ ሕፃን አጨበጨብኩላት።

«ምነው ዝም አልሽ ታዲያ?»

«ሥራ ነው እማየ።»

«ባዶው ድስት አረረብሽ?»

እሑድ፣ ኦገስት 23

ሽሎሞ በሩን ገርበብ አድርጎ በስልክ ሲያወራ ሰማሁት፦ «አዎ፣ ተማሪዬ ናት ያገኘችው። አዎ፣ ኢትዮጵያዊት። አይደለም፣ አይደለም፤ እንደዚያ ማለቴ አይደለም። ስሟ ይቅደም ነው የምለው። እኔ የምሄድ ሰው ነኝ።»

ሽንት ቤት ገብቼ ውሃ ከፍቼ ቆየሁ።

ስመለስ ናኦር ድስቱ አጠገብ ቆሞ አየሩን ያሸታል። «ቱኔ፣ አብጄ ይሆን? እሑድ እሑድ ብቻ ነው የሚሸተኝ።» ሐኪም እንዲያየው መከርኩት። እግዜር ይቅር ይበለኝ፤ የጆሮ፣ የአፍንጫና የጉሮሮ ሐኪም ቀጠሮ ያዘ።

ሰኞ፣ ሴፕቴምበር 7

ሰማዩ ቢጫ ሆኖ መሽቷል። ከምሥራቅ አቧራ እየመጣ ነው። እማየ «ይኸ አቧራ ራስ ያሳምማል፤ ነይ» ብላ ያለ ቀኑ ቀባችኝ። እምቢ አላልኩም።

ማክሰኞ፣ ሴፕቴምበር 8

አቧራው አገሩን ዋጠው። ከሰፈራችን ከዶራ ማዶ ምንም የለም፤ ባሕሩም የለም፣ ፎቆቹም የሉም። ሬዲዮው ከቤት አትውጡ ይላል። እኔ ስለ ኅዋ አቧራ የማጠና ሰው በምድር አቧራ ከሥራ ብቀር ለስሜ ነውር ነው ብዬ ወጣሁ።

አውቶቡሱ በር በከፈተ ቁጥር ውስጡ በዱቄት ይሞላል። ነጠላ ያክል ጨርቅ አፌ ላይ አስሬ፣ ራሴን መስኮቱ ላይ ደግፌ ዓይኔን ጨፈንኩ። ቀና ስል መስታወቱ ላይ ራሴ ያረፈበት ቦታ ላይ ክብ ተሠርቷል። ሌላው መስታወት አቧራውን ሲያራግፍ ያ ክብ ብቻ ይዞ አስቀርቷል፤ ድፍን ቢጫ፣ ዳር ዳሩ የፀጉሬ መስመር ሳይቀር ይነበባል። የራሴን አሻራ ነው የማየው። እኔ፣ የአሻራ ክፍል ባልደረባ።

ቅባት። እሑድ። ረቡዕ የለም፤ እሑድ ማታ እታጠባለሁና። የፓምፕ ዘይት አይደለም። መብራት አይፈልግም። ሚዝጋኑ ከሞተ ወዲህ ቅቤው ከላቤ ጋር ይወርዳል፤ ቆቤን በጓንቴ አስተካክላለሁ፣ በዚያው ጓንት መስታወቷን እይዛለሁ።

ቦሬካስ።

አንድ ፌርማታ አልፌ ወረድኩ። አቧራው ውስጥ ብቻዬን ቆሜ ሳቅሁ። ከዚያ ሳቁ ሌላ ነገር ሆነ።

ረቡዕ፣ ሴፕቴምበር 9

ትናንት አልታጠብኩም። ለማወቅ ነው፤ ለራሴ ያልኩት እንደዚያ ነው። ዛሬ በተለመደው ዓይነት መስታወቷን ቀየርኩ።

መስመሮቹ በረቡዕ ወጡ። ለመጀመሪያ ጊዜ።

ሽሎሞ ወንበሩን ትቶ ብድግ አለ። «ረቡዕም! አያችሁ? የመብራቱ ብርታት አይደለም፣ እውነት ነው!» ዓርብ ጠዋት እንልካለን አለ፤ የምን ዋዜማ መጠበቅ ነው።

መናገር ነበረብኝ። አፌን ከፈትኩ። ያ የሦስተኛ ክፍል ክፍል ሙሉ ከነአፍንጫው ፊቴ ተደረደረ። «ቅቤ» የሚለውን ቃል በዕብራይስጥ ለማለት አራት ፊደል ነው። አልወጣልኝም።

ሰማይ ላይ ውሸት ሊወጣ ነው፤ ያውም የእማየ። እሷ ሳታውቅ።

ሐሙስ፣ ሴፕቴምበር 10

ጠዋት እማየን ከቅቤዋ ትንሽ ስጪኝ አልኳት።

«ለማን?»

«ለፕሮፌሰሩ።»

«ራሱን ያመዋል?»

«ዛሬ ሳያመው አይቀርም።»

በኮቴጅ አይብ ዕቃ ሞልታ፣ በፌስታል አስራ ሰጠችኝ። «ክዳኑን አጥብቂ፤ ፈረንጅ ቤት እንዳይፈስ።»

ዕቃውን ጠረጴዛው ላይ ሳስቀምጥ ናኦር ከማዶ ክፍል ቀና አለ። ክዳኑን ከፈትኩ። ናኦር በዝግታ ተነሣ፤ እንደ ሕልመኛ እየተራመደ መጣ፤ አጎነበሰ፣ አሸተተ።

«ቦሬካስ!» ብሎ ጮኸ። «ጤነኛ ነኝ! ሽሎሞ፣ ና፣ ጤነኛ ነኝ!»

ሽሎሞ መጣ። ንጹሕ መስታወት ላይ በጥጥ ጫፍ ነካ አድርጌ ቀባሁ፤ ብርሃኑን አሳለፍኩበት። ማቀዝቀዝ እንኳ አላስፈለገም። ሁለቱ መስመሮች ወረዱ። የእሑዱን ከላዩ ደረብኩበት፤ አንዱ ሌላውን ሸፈነው።

«ምንድን ነው ይኸ?» አለ ሽሎሞ።

«የእናቴ ቅቤ።»

«የት ነበር?»

«ራሴ ላይ።»

ናኦር ሳቁን ዋጠ፤ ስላነቀው ወጣ። እኔም የቀረውን ለሽሎሞ ነገርኩት፦ የኦገስቱን እሑድ፣ ያልበራውን መብራት፣ ዝም ማለቴን። ሽሎሞ ኮምፒውተሩን እንጂ እኔን አላየም። መነጽሩን አውልቆ ጠረገ፣ አደረገ፣ መልሶ አወለቀ። ከዚያ ተነሥቶ ወደ ውጭ ወጣ። በምድር ቤቱ ትንሽ መስኮት ጫማው ብቻ ይታየኛል፤ ጫማው አቧራው ላይ ወዲያ ይሄዳል፣ ወዲህ ይመጣል።

ሲመለስ ድምፁ ደክሟል።

«ቅቤው ስሕተት ነው። ስሕተት እኔም ሞልቶኛል፤ ለመብራት ሰንበት ያስከበርኩት እኔ ነኝ። ዝምታሽ ግን ስሕተት አይባልም። ሌላ ስም አለው። እስከ ዮም ኪፑር፣ እስከ ይቅርታው ጾም፣ ጊዜ አለሽ፤ ስሙን ፈልጊለት።»

«እሺ።»

«የእሑዱና የትናንቱ ሁሉ ይጣላል። ዶክቶራትሽ ወደ ከርሞ ይሄዳል።»

«እሺ።»

ዕቃውን አንሥቶ አሸተተ።  «እናቴ ትሪፖሊ ሳለን የወይራ ዘይት ነበር የምትቀባን» አለ። «ኔታንያ ስንመጣ ተወች። የትምህርት ቤት ልጆች…» አልጨረሰውም። አፍንጫውን በሁለት ጣቱ ያዝ አደረገና ለቀቀ።

አለቀስኩ እንዴ? እሱን አልጽፍም።

እሑድ፣ ሴፕቴምበር 13፣ የብርሃን ሠረቀ ዋዜማ

ተላከ። ሰንጠረዡ ቀጭን ነው፤ የረቡዕ በረዶዎች ብቻ ናቸው፣ አክሊል የላቸውም፣ ግን ንጹሐን ናቸው። ሽሎሞ አንድ ተጨማሪ ገጽ አስገባ፤ ቴሌስኮፑ ያላየውን አየሁ እንዳይል ማስጠንቀቂያ የሚሆኑ የቆሻሻ አሻራዎች። የፓምፕ ዘይት፣ የጣት ወዝ፣ የጎማ ማሸጊያ፣ ከእነሱም ቀጥሎ የእኛው።

«ምን ብለን እንሰይመው?» አለኝ።

«ቅቤ።»

«ቅቤ ብዙ ነው። የማን ቅቤ?»

ስለዚህ ለዘለዓለሙ ተጽፏል፦ «ባንች አንድ»።

ማዕባዳው እስከ በዓላት ማግስት ተዘጋ። ሽሎሞ ቁልፉን እንድመልስ ይጠይቀኛል ብዬ እጄን ኪሴ ውስጥ ከትቼ ጠበቅሁ። አልጠየቀም። «ስትመለሺ ቆብ ሁለት አድርጊ» ብቻ አለኝ። ናኦር በር ላይ ቦሬካስ ሰጠኝ፤ እውነተኛውን።

ማክሰኞ፣ ሴፕቴምበር 22፣ የአስተሰርዮ (ዮም ኪፑር) ዋዜማ

ስሙን አገኘሁት። ለሽሎሞ ደውዬ ነገርኩት፦ ፍርሃት ይባላል፤ በቤት ስሙ ደግሞ ኩራት። «ደህና» አለ፤ «የእኔም ተመሳሳይ ስም ነበረው። መልካም ጾም።»

ጾሙ ሳይገባ እማየን ይቅርታ ልጠይቃት ወለሉ ላይ በቦታዬ ተቀመጥኩ። እትየ ፈንታነሽም ነበሩ፤ ኢዳን ከዚያች ልጅ ጋር ታጭቶ ለኮከብ ቆጣሪዋ ክሬም ይዘው መጥተዋል። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ የቅቤውን፣ የመስመሩን፣ አንድ ዓመት ወደ ኋላ መሄዴን። እማየ እጇን ከፀጉሬ አነሣች። እጇ ተንቀጠቀጠ።

«እኔ ነኛ ያበላሸሁብሽ?»

«አንቺ አይደለሽም። ክዳኑን የከፈትኩት እኔ ነኝ።»

«እንግዲያ ይቅር። አልቀባሽም።»

እጇን ይዤ ራሴ ላይ መለስኩት። «ዓርብ ቅቢኝ፤ ሰንበት ሲወጣ እታጠባለሁ። ቅቤሽ እሑድን መዋሉ ይቅርበት፤ ሌላው ሁሉ እንደነበረ ነው።»

 ጣቶቿ ቀስ ብለው መፈልቀቅ ጀመሩ። እትየ ፈንታነሽ ግን ያልገባቸው ነገር ነበር።

«ታዲያ የባንች ቅቤ አሁን ሰማይ ነው ያለ?»

«ስሙ ነው ያለው፣ እትየ። ቴሌስኮፑ አንድ ቀን በአንዱ ኮከብ ዙሪያ እነዚያን ሁለት መስመሮች ቢያይ፣ ሊቃውንቱ ወዲያው እልል አይሉም። መጀመሪያ የእማየን ገጽ ያወጣሉ፤ ያስተያያሉ፤ ይኸ ባንች ናት ወይስ አይደለችም ይላሉ። እሷ አለመሆኗ ሲረጋገጥ ነው ደስ የሚላቸው።»

እማየ ፀጉሬን መፈልቀቋን ቀጠለች። እጇ ረግቷል።

«ካልተለየላቸው እኔን ይጠይቁኝ» አለች። «ከሰንበት በቀር ስልኬ ክፍት ነው።»